ደረጃው ከምን እንጨት ይሠራ?

ወንድሜ በዋትሳፕ የላከልኝ ፎቶ አራተኛዋ መርገጫ ለሁለት ተሰንጥቃ ያሳያል። ከጎኗ የእማዬ ነጠላ ጫማ አለ፣ አንዱ ብቻ። ሌላው የት እንደወደቀ አልጠየቅኩም። "እታለም፣ አትደንግጪ፣ ቁርጭምጭሚቷ ነው፣ ወጌሻ አይቷታል" ይላል ከሥሩ። አትደንግጪ የሚባለው ሰው ከደነገጠ በኋላ ነው መቼም።

ፎቶውን ያየሁት እኔም ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ በምወለውለው። አል ፈላሕን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአቡ ዳቢ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአየር ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ ለአገሬው ዜጎች የተሠራ የቪላ ሰፈር ነው። አብዛኛው ቤት ፎቅ አለው። ፎቅ ካለ ደረጃ አለ፣ ደረጃ ካለ ደግሞ የሚወለውለው ሰው አለ። እዚህ ከምንሠራው እህቶች መካከል ደረጃዋን ያልቆጠረች ያለች አይመስለኝም። የኔ ሃያ አንድ ነው። መርገጫው እብነ በረድ፣ መደገፊያው እንጨት።

ማዳም "ደረጅ" ትለዋለች። እንደመጣሁ ሰሞን ምንም ሳይገባኝ እሱ ብቻ ገብቶኝ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ የሚረገጠውንም የሰውን ማዕረግም ይጠራል።

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ በስተሰሜን፣ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አሠርቻለሁ። "አሠርቻለሁ" ስል ብሩን ልኬያለሁ ማለቴ ነው፣ አንድም ቀን ሲሠራ አላየሁትም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የውስጡ ደረጃ የባሕር ዛፍ ጣውላ። ያኔ አናጢው "ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ፎቅ ሁሉ የሚቆመው በሱ አይደል?" ብሎ ሲናገር ወንድሜ አመነ፣ እኔም አመንኩ። እርጥቡን እንጨት ሰንጥቆ በሳምንቱ ገጠመው። በስድስተኛው ወር መጮህ ጀመረ። በዓመቱ መርገጫዎቹ እንደ ቀንድ ተጣመሙ፣ ምስማሩ ራሱን እያወጣ ብቅ አለ። ከዚያ እማዬ ወደቀች።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ተመራምሬ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። አንዴ የተታለለ ሰው ግን ብዙ ይጠይቃል፣ ብዙ ያነባል። እኔም ማታ ማታ ከስልኬ ላይ ያነበብኩትን፣ በዓይኔ ያየሁትን፣ ከሚያውቅ ሰው የሰማሁትን አንድ ላይ ላስቀምጥላችሁ። ብር እየላከች ቤት የምታሠራ እህት ከመካከላችን ብዙ ናት።

የሚያውቀው ሰው ሕንዳዊ አናጢ ነው። የቪላው መደገፊያ ላልቶ ሊጠግን መጥቶ ነበር። ከኬረላ ነው፣ የእኔም የእሱም ዐረብኛ ሰባራ ስለሆነ ተግባባን። መደገፊያውን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገና ሳቀ። "ሳጅ" ተብሎ የተሸጠው (ዐረቦች ቲክ የሚባለውን እንጨት ሳጅ ነው የሚሉት) ከላይ ብቻ ነው አለኝ። ከውስጥ ርካሽ እንጨት፣ ከላይ እንደ ወረቀት የሳሳ የቲክ ቆዳ ተለጥፎበት። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ዘይት የቀባሁት ያንን ቆዳ ነው! ከዚያ እንጨት እንዴት እንደሚታይ አሳየኝ። ፊቱን ሳይሆን ጫፉን እይ፣ ፊቱ ይዋሻል፣ የተቆረጠው ጫፍ ግን የዓመት ቀለበቱን ይደብቃል ማለት አይችልም። አንሥተህ መዝን። ፋቅ አድርገህ አሽትት።

የኬረላ ሰው ስለ ቲክ መናገሩ እኛ ስለ ቡና እንደምንናገረው ነው። ኒላምቡር በሚባለው አገራቸው እንግሊዞች ቲክን እንደ እርሻ መትከል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው። ከዚያም በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የማላባር እንጨት በጀልባ እየተጫነ ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ ይመጣ ነበር። የሉል አጥማጆቹ ጀልባዎች፣ የሀብታሞቹ በሮች የሱ ናቸው። ቲክ በውስጡ ዘይት ስላለው ውሃም ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። እዚህ ግንድ የሚሆን ዛፍ ከየት ይመጣል? አሸዋ ነው።

ድሀውስ በምን ሠራ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ቀስር አል ሖስን ከልጆቹ ጋር ስንሄድ ነው። አቡ ዳቢ መሐል ያለው ጥንታዊው ምሽግ፣ መጀመሪያ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የውሃ ጉድጓድ ለመጠበቅ ግንብ ሆኖ የቆመው ማለት ነው። ግድግዳው ከባሕር ድንጋይና ከኮራል ነው። ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ግን ቀጫጭን ክብ እንጨት ተደርድሯል፣ ልክ የገጠር ቤታችን ማገር። ዐረቦቹ ቻንደል ይሉታል። ከባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ላይ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ነው። ደግሞ ከየት መጣ ብትሉ ከእኛው ወገን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ፣ ከላሙና ከሩፊጂ ወንዝ አፍ። ጀልባዎቹ በነፋስ ወርደው ተምር ይሸጡ ነበር፣ ነፋሱ ሲዞር እንጨት ጭነው ይመለሱ ነበር። ግንዱ ጠንካራ ነው፣ ነቀዝ አይወደውም፣ ግን አጭር ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ክፍሎች ወርድ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። የሼኩም ክፍል ቢሆን የእንጨቱን ቁመት አይበልጥም። የክፍሉን ስፋት የወሰነው ሌላ አገር የበቀለ ዛፍ ነው።

አል ዐይን ደግሞ ሌላ ነው። የማዳም እናት እዚያ ስለሆነች አልፎ አልፎ እንሄዳለን። የጃሂሊ ምሽግ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የተሠራው፣ ከጭቃ ጡብና ከተምር ዛፍ ግንድ ነው። የተምር ግንድ እንጨት ይባል እንጂ ውስጡ ጭረት ጭረት ነው፣ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ጥድ የጠነከረ ልብ የለውም። ጣሪያ ይሸከማል እንጂ ጣውላ ሆኖ አይረገጥም። በዚያ ያሉት ደረጃዎች የጭቃና የድንጋይ ናቸው። የሚረገጥ ነገር ሲፈልጉ እንጨቱን ተዉት።

የኛስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገረመኝ።

እኛ በእንጨት መሥራት የጀመርነው ትናንት አይደለም። የአክሱም ትልልቆቹ ሐውልቶች ድንጋይ ሆነው እንኳ የተቀረጹት የእንጨት ቤት መስለው ነው። በር አላቸው፣ መስኮት አላቸው፣ ፎቅ በፎቅ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ተቀርጾባቸዋል። ያ የእንጨት ጫፍ፣ "የዝንጀሮ ራስ" የሚባለው፣ በእውነተኛ እንጨት ደብረ ዳሞ ላይ ዛሬም አለ። የድንጋይ ረድፍ፣ የእንጨት ረድፍ እየተፈራረቀ። (እኔና እናንተ ግን በፎቶ ነው የምናየው፣ ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም። ወንዶቹም በደረጃ ሳይሆን በገመድ ነው የሚወጡት።) ላስታ ዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚሁ ነው፣ ስምንት መቶ ዓመት አልፎት እንጨቱ አልተበላም። ዋሻው ከዝናብ ከልሎታል። እንጨትን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን መራስና መድረቅ መፈራረቁ ነው፣ ይህን ያዙልኝ።

ሰው የሚኖርበት ቤት ግን ምድር ነው። ጎጆ ምሰሶ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ውስጡ መደብና ቆጥ። ቆጥ ላይ የሚወጣው በመሰላል ነው፣ እሱም ዶሮና እህል ለማውጣት። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የተባለው ለዚህ ነው፣ እጇን ዘርግታ ነው እንጂ ደረጃ ቢኖራት ኖሮ አትጥልም ነበር። እንግዲህ አባቶቻችን ያካበቱት ዕውቀት መሬት ውስጥ ስለሚቆም እንጨት ነው። ለምሰሶ ወይራ፣ ለአጥር ጥድ፣ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። በየቀኑ በእግር ስለሚረገጥ፣ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት በታች ሆኖ የሰው ክብደት ስለሚሸከም ጣውላ ግን ብዙም አልተጠየቁም። መጋዝ ከመለመዱ በፊት ጣውላ በመጥረቢያ ይጠረብ ስለነበር ከአንድ ግንድ አንድ ወይ ሁለት ጣውላ ብቻ ይወጣ ነበር፣ ሌላው ፍልጥ። ጣውላ የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር ማለት ነው።

የእንጨት ደረጃም በዚያው ነው የምናገኘው። ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለ ፎቅ ነው፣ በረንዳውም ደረጃውም እንጨት ነው፣ ጅማ ጫካ ነበርና። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች እየመጡ ለመኳንንቱ ባለ በረንዳ ቤት ሠሩ። በአራዳ ከነዚያ ቤቶች የተረፉት ዛሬም ደረጃቸው ከውጭ በረንዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት የእንጨት ደረጃው ያገለግላል፣ በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ በእሳት ክፉኛ ተጎድቶም ከመጥፋት ተርፏል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ደረጃ የተሠራው ከአሮጌ ጫካ በተቆረጠ ዛፍ ነው። መቶና ሁለት መቶ ዓመት ቀስ ብሎ ያደገ ጥድና ዝግባ።

ጫካው አልበቃም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የእንጦጦ ዙሪያ ጥድ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ሲጠፋ ከተማ ይነሣል፣ የድሮው ልማድ እንዲያ ነው፣ ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ነቅለው እንጨት ወዳለበት ይሄዳሉ። ዳግማዊ ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ባሕር ዛፍ። ከአውስትራሊያ ነው የዘሩ አገር። በአምስት በስድስት ዓመት ቤት ይሆናል፣ ቢቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም መሄዱ ቀረ፣ የተጀመረው ግንባታም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍን ልወቅሰው አልፈልግም። ከእንጦጦ ተሸክመው የወረዱ ስንት እናቶች ልጅ አሳድገውበታል፣ ወገባቸው እየጎበጠ። እኔም ያደግኩት የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚነድበት ምድጃ ነው። ግን ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ በእጃችን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ እንጨት ማለት ባሕር ዛፍ ይመስለናል። የኛ አናጢ "ፎቅ የሚቆመው በሱ አይደል?" ሲል አልዋሸም። የፎቅ መወጣጫ እርከን የሚታሰረው በሱ ነው። ልዩነቱ እርከኑ በስድስት ወር ይፈርሳል፣ ደረጃ ግን መኖሪያ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ውስጡ ብዙ ውሃ አለ፣ ቶሎ ያደገ ነው፣ ጭረቱም ይጠማዘዛል። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እንጨት በርዝመቱ አይሰበሰብም እኮ፣ በወርዱ ነው። ለዚህ ነው ምስማሩ ብቅ ያለው፣ ምስማሩ አልወጣም፣ እንጨቱ ነው ከሥሩ የሸሸው። ቀዩ ባሕር ዛፍ ይሻላል፣ ይከብዳል፣ ምስጥንም ይቋቋማል። እሱም ቢሆን በጥላ፣ አየር በሚገባበት፣ በመሐሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ መድረቅ አለበት። ሕንዳዊው አናጢ የሚጠቀምበት ግምት ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ለአራት ሳንቲ ሜትር መርገጫ ቁጠሩት።

ከሌሎቹስ? ዝግባ ሲላግ ቅቤ ነው፣ ለበርና ለኮርኒስ ያምራል፣ ምስጥ ግን ይወደዋል። ኮሶ ቀለሙ ቀይና ውብ ነው፣ ለአልጋና ለቁም ሣጥን እንጂ ለደረጃ አልመርጠውም። ዋንዛ መካከለኛ ነው፣ ሲደርቅ ብዙም አይጣመምም፣ ልቡ ቡናማው ክፍል ይበረታል፣ ከበሮም ቀፎም የሚሠራው በሱ ነው። የሐበሻ ጥድ በውስጡ ሽታ ያለው ዘይት አለ፣ መበስበስንና ምስጥን ይከላከልለታል፣ ነገር ግን ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ በእግር ይበላል፣ ምስማር ሲመታበትም ይሰነጠቃል፣ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ነው። ወይራ ከሁሉም ይከብዳል፣ አይበላም፣ አይረግፍም፣ ግን መጋዝ ያደንዛል፣ ቀጥ ያለ ረጅም ግንዱም አይገኝም። የፈረንጅ ጥድ ርካሽ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ለደረጃ ከተባለ ወፈር ብሎ መሠራት አለበት። ኤምዲኤፍና ችፑድ ለደረጃ ያቀረበላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።

እኔ ዋንዛ አልኩ። አባቴ ከቤታችን በስተጀርባ የተከለው ዋንዛ አለ፣ አሁን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ወንድሜ ሕጉን አነሣብኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። የኛ የግል ነው ብዬ ተከራከርኩ፣ ወረዳ ሄዶ ይጠይቅ፣ ፈቃድ ያውጣ አልኩ። እማዬ ስልኩን ከሱ ተቀበለች። እግሯ ገና አብጦ ነው። "አባትሽ የተከለውን ቆርጠሽ በሱ ላይ ልታስሄጂኝ ነው?" አለችኝ። የሰፈሩ ልጅ ፍሬውን ይለቅማል፣ በበጋ ቅጠሉን ላሚቷ ትበላለች፣ ከሥሩ ቡና ይጠጣል። ምን ልበላት? ዝም አልኩ። ብሩ የኔ ነው፣ ዛፉ ግን የሷ ነው።

አንድ ሰሞን እንዲህ ተኳረፍን። ከዚያ ወንድሜ ግቢውን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ከአጥሩ ጥግ በላስቲክ የተሸፈነ ክምር አየሁ። "እሱ ምንድን ነው?" "የአያታችን ቤት እንጨት ነዋ፣ ሲፈርስ ያነሣነው።" ምሰሶውና አግዳሚው። ለማገዶ ሊሆን ነበር!

በስልክ እንጨት እንዴት እንደሚመረጥ ያኔ ነው የገባኝ። አንዱን ጫፍ በመጋዝ አስቆረጥኩትና ፎቶ አንሣልኝ አልኩ፣ የዓመት ቀለበቶቹ እንደ ወረቀት ገጽ ተጠጋግተው ታዩ። በመዶሻ ምታው አልኩ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ፣ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ ዱም ይላል። ቢላ አስገባበት አልኩ፣ ከጥፍር በላይ አልገባም አለ። ከዚያ አሽትተው አልኩት። ትንሽ ቆየ። "ጥድ ነው እታለም፣ የእማማ ቤት ይሸታል" አለኝ። አያታችንን ነው እማማ የምንላት። ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ደህና ነው፣ መሬት ውስጥ የነበረው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ተበልቷል፣ ይቆረጣል። ለስንት ዓመት ጢስ የጠጣ፣ ጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት ነው፣ ከዚህ በኋላ የት ይጣመማል?

አዲስ አናጢ ተፈለገ። ይኼኛውን ጋሼ እያልኩ ራሴ ነው ያነጋገርኩት፣ ክፍያውም በየመርገጫው እንጂ በቅድሚያ አልሆነም። የጥዱ ምሰሶ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን እየተጋጠመ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ወርድ ወጣለት፣ ውፍረቱ አራት። ጠርዙ ቶሎ እንዳይበላ ከፊት ከፊቱ የወይራ ዘንግ ተለበጠበት፣ ወይራውም ከዚያው ክምር ነው። በምስማር ሳይሆን በብሎን ታሰረ። የእንጨቱ እግር ሲሚንቶውን እንዳይነካ ከሥሩ ድንጋይ ገባ፣ ውሃ ከወለሉ እንዳይስብ። ቀለም ይቀባ ሲሉኝ እንቢ አልኩ፣ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል፣ ዘይት ብቻ።

አሥራ አራት መርገጫ ነው። አሥራ አንዱ ተገጥሟል፣ ሦስቱ ቀርተዋል፣ ጥዱ አልበቃም። ለላይኞቹ ሦስት ደሴ ከፈረሰ ቤት አሮጌ እንጨት የሚሸጥ አለ ተብሎ ወንድሜ ሊሄድ ነው፣ ጫፉን ሳላይ እንዳይከፍል ነግሬዋለሁ።

እማዬ ትናንት በክራንች ቆማ አየችው። የመጀመሪያዋ መርገጫ ከፍ ብላለች፣ ለኔ ዝቅ ትበልልኝ አለች። አናጢው እሺ ብሏት ሊቀንስ ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። ሕንዳዊው ያስተማረኝ ይህንን ነው፣ ሁሉም መርገጫ ከፍታው እኩል ካልሆነ እግር በልማዱ ሄዶ ይስታል፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ይልቅ ከግራም ከቀኝም የምትይዘው መደገፊያ ይደረግላት ብያለሁ። የቀኙ አልቋል። ለግራው ቀጥ ያለ ወይራ እየተፈለገ ነው።